ማንም ሳይነካው የሚሠራው ኮምፒውተር

ሐምሌ 3

ወንድምዬ፣ የደሴቱ ሰው፤

ጉልበቴ ተሽሎታል። ጣሪያው አያፈስም። ጎረቤታችንም በመጨረሻ ውሻቸውን ማሰር ጀምረዋል። የጠየቅከኝን በሙሉ መለስኩልህ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

ትተህልኝ የሄድከው ኮምፒውተር ታሞብኛል። ሊኑክስ የሚሉትን ሥርዓት የጫንክበት ዕለት «እትዬ፣ ይሄ ነገር ዕድሜ ልክሽን አያስቸግርሽም» ብለህ ደረትህን ነፍተህ አልነበር? እውነትም እስከ ባለፈው ወር ድረስ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። አሁን ግን ገና ሳበራው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። የማውሱን ቀስት ወዲህ ስጎትታት ወዲያ ትቀራለች። አንድ ቪዲዮ ከፍቼ ሻይ አፈላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ብርጭቆዬን አጥቤ ስመለስ ገና እየተከፈተ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይጩህ ብዬ እተወው ነበር። ግን መዝገበ ቃላቱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው! የት አደረስሽው ብለሃል፤ ልንጨርሰው ነው። ታውቃለህ፣ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎቼ ለ«ስበት»፣ ለ«ሴል»፣ ለ«ትነት» የእጅ ምልክት አልነበራቸውም። መምህሩ በጣቱ አንድ በአንድ ፊደል ሲቆጥርላቸው ክፍለ ጊዜው ያልቅ ነበር። ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ምልክት መረጥን፣ ተጨቃጨቅን፣ ቀረጽን። ከካሜራው ፊት ከልጆቹ ጋር የሚቆሙት ጋሽ መጋዝ ናቸው፤ የእንጨት ሥራ መምህራችን። እሳቸውም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አይሰሙም፤ ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ካሜራማናችን ይቀርጻል፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ትምህርት ሲከፈት እንደኛ ላሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሊታደል ነው።

ትናንት ጋሽ መጋዝ ቤት መጥተው ነበር። እኔ ስለ ጩኸቱ ሳማርር እሳቸው መዳፋቸውን የኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ አሳረፉ። ቆዩ፣ ቆዩና «ማንም ሳይነካው ይሠራል» አሉኝ በእጃቸው።

«ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«መጋዝ ባዶውን ሲዞርና እንጨት ሲበላ እጅ ላይ አንድ አይደለም። ይሄ የሚበላው ነገር አለ።»

ምን ይመስልሃል? ቶሎ ጻፍልኝ። ደግሞ ለምን ትጽፋለህ? የጀልባው ካፒቴን እኮ የአየር ሁኔታ ጣቢያችሁ የሬዲዮ ስልክ አለው፣ ምግብ አብሳያችሁም በየሳምንቱ ሚስቱን ያናግራል ብሎኛል። ደብዳቤ በጀልባ እስኪመጣ ሳምንት እጠብቃለሁ። ድምፅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

እህትህ

---

ሐምሌ 11

እትዬ፤

ጋሽ መጋዝን ሳሚልኝ። እኔ እዚህ ከነፋስ መለኪያና ከባሮሜትር ጋር ስከራከር ዓመታት ፈጀሁ፤ በመዳፉ ኮምፒውተር የሚመረምር ሐኪም ግን አይቼ አላውቅም! ምናልባት ልክ ናቸው። ግን ከቀላሉ እንጀምር፤ ሌባ ከመፈለግሽ በፊት አቧራ ፈልጊ።

አጥፊውና ሶኬቱን ንቀዪ። የጎኑን ክዳን በሁለቱ ብሎኖች ፍቺና ውስጡን ተመልከቺ። ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ይጮሃል። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው፤ በእርጥብ ጨርቅ ግን እንዳትነኪው፣ አደራ። ከዚያ አብሪውና ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዪ። የሞላ ዲስክም ማሽን ያንቀራፍፋል።

ሁለቱም ካልሆነ ያንን የምትፈሪውን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ክፈቺ። አትፍሪው፤ ካልጻፍሽበት ምንም አያደርግም። «ቶፕ» የምትለዋን ትእዛዝ ጻፊበት፤ የሁሉንም ትእዛዝ አጻጻፍ በተለየ ወረቀት በትልልቁ አድርጌልሻለሁ። የሚሠሩት ፕሮግራሞች ተሰልፈው ይመጡልሻል፤ ከላይ የሚቀመጠው ከሁሉም በላይ የሚበላው ነው። ስሙን ጻፊልኝ። ከጎኑም በማን ስም እንደሚሠራ ይላል፤ እሱንም። የማታውቂው ከሆነ «ላስት» ብለሽ ጠይቂው፤ ማን መቼ እንደገባ ይነግርሻል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመዝገበ ቃላቱ ሌላ ቅጂ የት ነው ያለው? እባክሽ «የትም» እንዳትዪኝ።

እዚህ ሰሞኑን ነፋሱ ጉድ ነው፤ የጄኔሬተሩን ቤት ቆርቆሮ ወስዶት ከባሕር ዳር ለቀምነው። ስለ ስልኩ ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ። መስመሩ ለአየር ሁኔታ ሪፖርት ነው የሚያስፈልገው።

ወንድምሽ

---

ሐምሌ 18

አንተ ልጅ! እጅ ከፍንጅ ያዝኩት!

ቆይ፣ በሥርዓቱ ልንገርህ። ክዳኑን ፈታሁ። አቧራ አልኩህ? ብርድ ልብስ ነበር! ጠረግኩት፤ ጩኸቱ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ዲስኩን አየሁት፤ ግማሹ ባዶ ነው። ስለዚህ እጄን አሟሽቼ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩና «ቶፕ» አልኩት።

የፊደል ትርፍራፊ የመሰለ ስም ከላይ ቁጭ ብሏል። አናባቢ የለው፣ ትርጉም የለው። ማሽኑን ብቻውን ሙልጭ አድርጎ እየበላው ነው! እንዲቆም አዘዝኩት። ወዲያው ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚህ ቤት ውስጥ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ከወንበሬ ተነስቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጋሽ መጋዝ መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አድርገው አውራ ጣታቸውን ሰቀሉልኝ። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም፤ የእሳቸው አውራ ጣት ወረደ፣ ማራገቢያውም እንደገና ይጮህ ጀመር። ያው ስም ተመልሶ መጥቷል! ባጠፋው ይነሳል፣ ባጠፋው ይነሳል።

ከጎኑ የተጻፈው ስም «ካሜራ» ይላል። ባለፈው ዓመት ካሜራማኑ ቪዲዮዎቹን ከቤቱ ሆኖ እንዲልክልኝ ብለን በኢንተርኔት መግቢያ ከፍተንለት ነበር። የመግቢያ ስሙ ካሜራ። ፓስወርዱም ካሜራ። አትሳቅ።

«አንተ፣ በኮምፒውተሬ ምን እያደረግክ ነው?» ብዬ ካሜራማኑ ላይ ጮህኩበት። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ኮምፒውተሩን «ላስት» ብዬ ስጠይቀው «ካሜራ» ከማላውቃቸው አድራሻዎች እየገባ ይወጣል። ሰዓቱን ሳስተያየው ደግሞ ካሜራማኑ እኔው ፊት ቆሞ «ትነት»ን ሲቀርጽ የነበረበት ሰዓት ነው! ሰው ነው እንጂ መንፈስ አይደለም፤ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን ግን አኩርፏል።

የቅጂውን ነገር ጠይቀሃል። «የትም» እንዳትዪኝ ስላልከኝ አልመልስልህም።

ወንድምዬ፣ አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። እዚያ ውስጥ ያለው የልጆቹ ፊት ብቻ አይደለም። የወላጆቻቸው አድራሻም፣ የፈቃድ ፊርማቸውም አለ። ይሄ የገባው ሰው እሱንም አይቶት ይሆን?

ደግሞ ሌላ ነገር። ካፒቴኑ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ወንድምሽ ኩራተኛ ነው፤ ከኋላው ስጠራው አይዞርም።» አንተና ኩራት! ምን ሆነህ ነው?

እህትህ

---

ሐምሌ 25

እትዬ፤

ይህን እንዳነበብሽ ከራውተሩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ገመድ ንቀዪ! ቀሪውን ደብዳቤ ከዚያ በኋላ አንብቢ።

ነቀልሽ? ጎበዝ። እኔማ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ እየዋኘሁ ልመጣ ምንም አልቀረኝም።

የያዝሽው ሌባ ነው። በአንቺ ማሽንና በአንቺ መብራት ለራሱ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ያመርታል። አንቺን መርጦ አልመጣም፤ እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ቀን ከሌት የዓለምን በር እየዞሩ ይገፋሉ፤ የላላ ሲያገኙ ይገባሉ። የላላው «ካሜራ» ነበር። ካሜራማኑን በእኔ ስም አባብዪው።

ፕሮግራሙን እያሳደድሽ አታጥፊ። አንድ ጊዜ የገባ ሰው የት የት ምን እንደደበቀ አይታወቅምና ያንን ሥርዓት ከእንግዲህ አንመነው። ሙሉ በሙሉ ጠርገን አዲስ እንጭናለን። በመጀመሪያ በካሜራማኑ ላፕቶፕ የሊኑክሱን መጫኛ ከራሳቸው ከባለቤቶቹ ገጽ አውርዱ። አብሮት የሚመጣ፣ ፊደልም የተቀላቀለበት ረጅም የማረጋገጫ ቁጥር አለ፤ እናንተ ያወረዳችሁትም ያንኑ ቁጥር መስጠት አለበት፣ አንዲት ፊደል ብትለይ ጣሉት። ከዚያ ፍላሽ ላይ አድርጉትና የታመመውን ኮምፒውተር ከፍላሹ አስነሱት። እንዲህ ሲሆን የሌባው ፕሮግራም አይነቃም። በዚያው ቪዲዮዎቹንና ጽሑፎቹን ብቻ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ፕሮግራም የሚባል ነገር አንድም አትውሰዱ። የገለበጣችሁትንም በላፕቶፑ ከፍታችሁ ሳታዩ ምንም እንዳትደመስሱ!

አዲሱ ከተጫነ በኋላ የምታደርጊውን በሌላው ወረቀት ጽፌዋለሁ። ያልተጋበዘውን ከበር የሚመልሰውን ፋየርዎል አብሪ። አፕዴት ሲመጣ «ነገ» አትበዪ። የራውተሩን ፓስወርድ ቀይሪ፣ ለካሜራማኑ የተከፈተውንም መግቢያ ዝጊ፤ ቪዲዮውን በእጁ ያምጣ፣ እግሩም ይፍታታ። የኢሜይልሽን ፓስወርድ ከንጹሑ ላፕቶፕ ላይ ሆነሽ ለውጪው። ፓስወርድሽ እርስ በርስ የማይተዋወቁ በርካታ ቃላት ይሁኑ፤ ለአንዱ የሰጠሽውን ለሌላው አትስጪ። የመዝገበ ቃላቱ አንድ ቅጂ ደግሞ ከቤት ውጭ ይደር። ሰው ከጠፋ ለእኔ ላኪልኝ፤ ይሄ ደሴት ላይ ከወፍ በቀር የሚሰርቅ የለም።

የልጆቹን ነገር ግን ልዋሽሽ አልችልም። አይቶት ይሆናል፣ አላየውም ይሆናል፤ ማወቂያ የለንም። ስለዚህ እንዳየው አድርገሽ ቁጠሪውና ለወላጆቹ ንገሪያቸው። ከአንቺ አፍ ይስሙት።

ካፒቴኑን ተይው። የሞተሩ ጩኸት እንኳን እኔን ዓሣውንም ያደነቁራል።

ወንድምሽ

---

ነሐሴ 9

ወንድምዬ፤

ድል በድል ሆነናል! ግን መጀመሪያ መራራውን ልንገርህ።

ለርዕሰ መምህሯ ስነግራት «እስቲ ለጊዜው በሆድሽ ያዢው፤ የመዝገበ ቃላቱ ምረቃ ይለፍ» አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም፣ ደንግጣ ነው። እኔም ወደ ሐሳቧ እያዘነበልኩ ነበር። ግን ያንተን ወረቀት አሳየኋትና ወላጆቹን ጠራን። መማሪያ ክፍሉ ሞላ። በአፌም በእጄም፣ የሆነውን ከሀ እስከ ፐ ተናገርኩ። ማን እንደገባ እንደማናውቅ፣ ምን እንዳየ እንደማናውቅ፣ ምን እያደረግን እንደሆነ። አንድ አባት ተቆጥተው ወጡ። የአንዷ ልጅ እናት ግን ተነስተው «ልጄ ቪዲዮው ውስጥ ምን ስትል ነው ያዩዋት?» አሉኝ።

«ስበት ስትል» አልኳቸው።

«እንግዲያ እነሱም ይማሩ» ብለው ተቀመጡ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። የወጡት አባትም በማግስቱ መጥተው ፈቃዳቸውን እንደማያነሱ፣ አድራሻቸውን ግን ከኮምፒውተር ላይ እንዳጠፋላቸው ጠየቁኝ። ልክ ናቸው። የሁሉንም አድራሻ አጥፍቼ በወረቀት ብቻ አስቀመጥኩት።

አሁን ወደ ድሉ! የማረጋገጫውን ቁጥር እኔ ሳነብ ካሜራማኑ ከስክሪኑ ጋር እያመሳከረ፣ ቁጥሩ አንድም ሳይዛነፍ ገጠመ። (ኩርፊያው በዚህ አለቀ።) ከፍላሹ አስነሳነው። ሳጥኑ ጸጥ! ቪዲዮዎቹን ገለበጥን፣ በላፕቶፑ አንድ በአንድ ከፈትን። ሁሉም አሉ! አንዱ ብቻ፣ «ፍትጊያ» የሚለው፣ ግማሹ ላይ ተቆርጧል፤ እሱን መልሰን እንቀርጸዋለን፤ ጋሽ መጋዝም ያንን ሸሚዛቸውን አልወደዱትም ነበር።

ከዚያ መጫን ጀመርኩ። «የትኛው ዲስክ ይደምሰስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ዲስኮች ፊቴ ተደረደሩ፤ ስማቸው በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያያል። እኔ በደስታ ክንፍ አውጥቼ አንዱን መርጬ ልጫን ስል ጋሽ መጋዝ እጄን ቀብ! በሌላው እጃቸው የውጭውን ሃርድ ዲስክ ገመድ መዘዙት። ከስክሪኑ ላይ የጠፋው ልጫነው የነበረው ስም ነው! የሁላችንን ልፋት በአንዲት ጣት ልደመስሰው ነበር።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«አላወቅኩም» አሉኝ። «እኔ ስቆርጥ ደህናውን እንጨት ከጠረጴዛው ላይ አነሳለሁ። ይኸው ነው።»

አሁን ኮምፒውተሩ ሌላ ቤት ሆኗል። ፋየርዎሉ በርቷል፣ አፕዴቱ ገብቷል፣ መግቢያው ተዘግቷል። ፓስወርዴን እንኳን ሌባ እኔም ሁለት ጊዜ ተሳስቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስፈርቶኛል፤ የራውተሩን መዝገብ ከፍቼ ሳየው ከየትም ከየትም እየመጡ ያንኳኳሉ። አሁንም አልተዉኝም ማለት ነው?

ይህን ካልኩ በኋላ ላንተ። ካፒቴኑን ተይው ብለኸኛል። እኔ ምን ሠርቼ እንደምኖር ረሳኸው? መምህርነት ከጀመርኩ አንስቶ የማደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ልጅ ስልክ ሲሸሽ፣ ከኋላው ሲጠሩት ሳይዞር፣ ሲጠየቅ ደግሞ በቀልድ ሲያልፍ ወላጆቹ «ኩራት ነው»፣ «ፍዝዝ ያለ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን አይቼ አውቀዋለሁ። አንተን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። የትኛው ጆሮህ ነው? ከመቼ ጀምሮ?

በፖስታው ውስጥ ፍላሽ አለ። ከቤት ውጭ ይደር ያልከው ቅጂ ነው። ግን አደራ፣ መሳቢያ ውስጥ እንዳታስቀምጠው። ክፈተው። የዕለት ተዕለት ቃላቱንም ጨምሬልሃለሁ፤ ከ«ሰላም» ጀምር።

እህትህ

---

ነሐሴ 17

እትዬ፤

ግራው ነው። ባለፈው ዓመት ያ ትኩሳት የያዘኝ ጊዜ ተዘጋ፤ ይከፈታል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተከፈተም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ቀኙም እየተከተለው ነው። ሰው ፊቴ ቆሞ ሲያናግረኝ ከንፈሩን እያየሁ እሞላዋለሁ። በስልክ ግን ከንፈር የለም። ስትደውዪ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልኩሽ የምትደነግጪው ድንጋጤ ታየኝ። ጽሑፍ ይሻላል አልኩ።

ለምን አልነገርከኝም ትዪኛለሽ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስትሸከሚ ውለሽ ማታ እኔን እንድትሸከሚኝ አልፈለግኩም፤ እሱ አንዱ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። የማዕበል ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ ነው የሚመጣው። የማይሰማ ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ትናንት ደብዳቤሽን ይዤ አለቃዬ ፊት ቆምኩና ነገርኩት። እሱም ጮክ ብሎ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ «እኛማ መቼ ነው የሚነግረን እያልን ነበር» አለኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር! ምግብ አብሳዩ ሳይቀር ተራዬ ሲደርስ ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ የሚለው ለእኔ ብሎ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሬዲዮ ይወዳል ብዬ አስብ ነበር።

እንዴት ያለ ሸክም ከላዬ እንደወረደ! ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ነው የወረድኩት።

ያንኳኳሉ ላልሽው አትደንግጪ። ማንኳኳታቸው አይቀርም፤ የትም ቤት፣ ማንም ዘንድ ያንኳኳሉ። መዝገቡ የሚነግርሽ እንዳልገቡ ነው። አንቺ በየጊዜው «ላስት» እያልሽ ከራስሽ ስም ሌላ እንደሌለ እዪ፤ ሌላውን ለፋየርዎሉ ተዪለት። ቅጂም በየሳምንቱ አድርጊ፤ ስትጨርሺ ገመዱን ንቀዪው። የጋሽ መጋዝን ብልሃት እኔም ወርሼዋለሁ፤ የጣቢያውን ኮምፒውተር ስጠግን ደህናውን ዲስክ መጀመሪያ ነው የማነሳው!

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርሽ፤ ፍላሹን ከፈትኩት! እዚህ ምልክት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ከወፎቹ ጋር እለማመዳለሁ። «ሰላም»፣ «ውሃ»፣ «ነፋስ»፣ «ነገ» አውቄያለሁ። ጋሽ መጋዝ «ትነት»ን ሲሉ ጣቶቻቸው ከመዳፋቸው ላይ እየተንቀጠቀጡ ሲነሱ እያየሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ ትነት የምለካ ሰው ነኝ፤ በየቀኑ ከሣህኑ የጎደለውን ውሃ እመዘግባለሁ። እንደዚያ አድርጎ ያሳየኝ ግን ማንም የለም። ምግብ አብሳዩ «እኔም ላንዳንድ ነገር ልማር» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጨው አቀብለኝ» ብዬ በእጄ ብጠይቀው ስኳር አቀበለኝ። አልተሳካልንም፤ ግን እንዴት እንደሳቅን!

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «ማዕበል» የለም። ረስታችሁት ነው?

ወንድምሽ

---

መስከረም 8

የኔ ጌታ፤

አንብቤ አለቀስኩ፤ አልዋሽህም። ከዚያ ተቆጣሁህ። ከዚያ ደግሞ ጨው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። አንጀቴን በላኸው።

«ማዕበል»ን ረስተን ነበር! ጥያቄህን ለልጆቹ አቀረብኩት፤ ክፍሉ ገበያ ሆነ። ግማሾቹ ማዕበል ከባሕር ይነሳል፣ ግማሾቹ ከሰማይ ይወርዳል አሉ። «ባሕር አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው፤ ካንዷ በቀር ያየ የለም። በመጨረሻ ባሕር ያየችው ልጅ ተነስታ ሁለት ክንዷን አንዱን በአንዱ ላይ እየጠቀለለች አሳየችን። እሱ ይሁን ተባለ። ካሜራማኑ ዕለቱን ቀረጸው፤ በእጁ አምጥቶ ሰጠኝ፤ እግሩም እየተፍታታ ነው።

መዝገበ ቃላቱ ወጣ! ትምህርት በተከፈተ ዕለት ለሁሉም ትምህርት ቤቶች ደረሰ። እኛ ክፍል የፊዚክስ መምህሩ «ስበት» ብሎ በእጁ ሲጀምር ልጆቹ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መደብደብ ጀመሩ። ሕንፃው የሚፈርስ መሰለኝ። እሱ ሁልጊዜ ለአንድ ቃል የሚያጠፋው ጊዜ ተረፈውና ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት ዙሪያውን አየ፤ አንዱ ልጅ «ቀጥል እንጂ!» አለው።

እኔም አላረፍኩም። የርዕሰ መምህሯን ቢሮ ኮምፒውተር ልየው ብዬ ብገባ ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ግንባር ላይ ተለጥፏል! ገነጠልኩት። የቤተ መጻሕፍቱም፣ የሒሳብ ክፍሉም እንደዚያው። አንድ በአንድ እየዞርኩ አጸዳሁ፣ ዘጋሁ፣ ቅጂ አደረግኩ። መምህራኑ አሁን «ፋየርዎል መጣች» እያሉ ይደበቁኛል። እኔ፣ ጥቁር መስኮት ስፈራ የነበርኩት ሴትዮ!

ስላንተ ደግሞ። እኔ የማውቃት የጆሮ ሐኪም አለች፤ ተማሪዎቼን የምታይልኝ። የጻፍክልኝን አነበብኩላት። ግራው ላይ ተስፋ ልስጥሽ አልችልም አለችኝ። ቀኙ ግን ቶሎ ከታየ ባለበት ሊቆም ይችል ይሆናል፤ ሳላየው ቃል አልገባም፣ ግን ዛሬ ነገ አይበል ብላለች። ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። «ሌላ ጊዜ» የሚል መልስ አልቀበልም።

ርዕሰ መምህሯ ደግሞ መዝገበ ቃላቱ የደረሳቸውን ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚይዝ ሰው እንደምትፈልግ ነግራኛለች። እኔ ምንም አላልኩም። ምንም እንዳላልኩ እወቅልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እዚህ ሰው በእጅ ምልክት ስም ሳይሰጠው ሙሉ ሰው አይባልም፤ ስም የሚሰጠውም የማይሰማ ሰው ነው፣ እኔ አልችልም። ጋሽ መጋዝ ላንተ አወጡልህ። እጅህን እንደ ጥላ ግንባርህ ላይ ታደርግና ሩቅ ታያለህ፤ ከዚያ እጅህን ወደ ፊት ዘርግተህ ቁልፍ ታዞራለህ። ከሩቅ ሆኖ የሚቆልፍ ማለት ነው። ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይጠይቁኛል።

ምን ልበላቸው?

እህትህ

---

መስከረም 16

እትዬ፤

ከሚቀጥለው ጀልባ ጋር ይመጣል በያቸው።

ይህን የምጽፈው ከአሁኑ ባሰርኩት ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው። አለቃዬ ረጅም ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ መሣሪያዎቹን ለምግብ አብሳዩና ለአዲሱ ልጅ አስረክቤያለሁ። ምግብ አብሳዩ «ደህና ሁን»ን በእጁ ተለማምዶ መጥቶ ነበር፤ «ነገ ዝናብ ነው» አለኝ። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ አቅፌው ብቻ አለፍኩ።

ስለ ሐኪሟ ፈርቻለሁ። ይህንንም በቀልድ አላልፈውም። ስለ ሥራው ምንም እንዳላልሽ አውቄያለሁ፤ እኔም ምንም አልመልስም፤ ግን ያለፉትን ቀናት የትምህርት ቤቶቹን ኮምፒውተሮች እንዴት አንድ ላይ እንደማገናኛቸው በሐሳቤ ስዘረጋ ነው የከረምኩት። እንቅልፍ ነሳኝ፤ ከደስታ የተነሳ! ጋሽ መጋዝን የምጠይቃቸው ነገር ብዙ ነው፤ ቃላቱ አልበቃኝም፤ እሳቸው ይታገሱኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ወደቡ ላይ ሰው ይበዛል፤ ሞተሩም ይጮሃል። ስሜን እየጠራሽ ጉሮሮሽን አታድክሚ፤ አልሰማሽም። ከፍ ካለ ቦታ ቁሚ። እጅሽን ግንባርሽ ላይ አድርጊና ቁልፉን አዙሪ።

እኔ ዓይኔን ከወደቡ ላይ አላነሳም። ገና ከሩቅ፣ ከጀልባው ላይ ሆኜ፣ «አቤት» እልሻለሁ።

ወንድምሽ